ጋራዡ ውስጥ የታየው ጨረር

ዶክተር ምሕረቱ ሞቶ የተገኘው ጆሃንስበርግ፣ ኬንሲንግተን ሰፈር ባለው ቤቱ ጋራዥ ውስጥ ነው። በጀርባው ተዘርሯል፤ የራስ ቅሉ ከኋላ በኩል ከእርሳስ ማዕድን በተሠሩ ከባድ ጡቦች ጥግ ላይ ተሰብሯል። ጡቦቹን እዚያ የደረደራቸው ራሱ ነበር፤ አጠገባቸው ያለውን የጨረር መቁጠሪያ መሣሪያ ከፊቱ በቀር በሁሉም በኩል እንዲከልሉለት ብሎ።

ፖሊሶቹ መጡ፣ አዩ፣ ሄዱ። በዚያ ከሰዓት የሰፈሩ መብራት በተራ የሚጠፋበት ጊዜ ነበርና፣ ጋራዡም መስኮት የለውምና «በጨለማ ተደናቅፎ ወደቀ» ብለው ነገሩን ዘጉት። የኮቪድ ሦስተኛ ማዕበል ጆሃንስበርግን እያመሰ ነበር፤ ሆስፒታሉም አስከሬን ቤቱም ሞልቷል። እንዲህ ባለ ክረምት ወድቆ የሞተ አንድ ሰው ማንንም አያስጨንቅም።

ሚስቱን ኤርጎጌን ግን አስጨነቃት። በማግስቱ ለሰርክአዲስ ደወለች።

«እትዬ ሰርክአዲስ፣ እሱ እዚያ ጋራዥ ውስጥ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚሄደው። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ይህ ልጅ አንድ ቀን አባቴ እንዴት ሞተ ይለኛል። ተደናቅፎ ልለው ነው?»

ሰርክአዲስ አዲስ አበባ ሳለች ወንጀል መርማሪ ነበረች። ጆሃንስበርግ ከመጣች ወዲህ በአንድ የኢንሹራንስ ድርጅት ውስጥ የሕክምና ካሳ የሚጠይቁ ሰዎችን እውነትና ሐሰት ትለያለች፤ ሐበሻው ግን አሁንም «ኢንስፔክተር» እያለ ነው የሚጠራት። ነገር ሲጠፋ፣ ሰው ሲጠፋ፣ ወሬ ሲበዛ ወደ እሷ ነው። ያን ሰሞን ከራሷ ጋር እንኳ ተጣልታ ነበር። ሰውን የምታነበው ከአፉ ዙሪያ ነው፤ ኮቪድ ደግሞ የሰውን ሁሉ አፍ ሸፍኖባታል። ግማሽ ፊት እያየሁ እንዴት ልሥራ ብላ ለማንም የማይደርስ አቤቱታ እያሰማች ወደ ኬንሲንግተን ነዳች።

ለቅሶው ቤት ወንበሮቹ ተራርቀው ተደርድረዋል። ከኦሬንጅ ፋርም፣ ከሂልብሮውና ከዱርንፎንቴን የመጡ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች በየተራ እየገቡ፣ በየተራ እየጸለዩ ይወጣሉ። እሷ እንደ ገባች ወዲያው የሟቹ ታላቅ ወንድም ዱካሞ ደረሰ። አባታቸው ገና በልጅነታቸው ስለ ሞተ ታናሹን እንደ አባት ያሳደገው፣ ሆሳዕና ትምህርት ቤት ያስገባው እሱ ነበር። አሁን ኦሬንጅ ፋርም ውስጥ ስፓዛ አለው፤ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆሞ ዳቦ፣ ሳሙናና የስልክ ካርድ የሚሸጥበት ትንሽ ሱቅ። በሩ ላይ ተደፋ።

«እማዬ! እማዬ፣ ተቀበይው! ልጅሽ መጣልሽ፣ ተቀበይው!»

አንድ ሽማግሌ ብብቱን ደግፎ አነሳው። «ተጽናና ወንድሜ፤ የሚቀበለውስ ጌታ ነው» አለው። ዱካሞ ሊመልስ ሲል ሳሉ ያዘው፤ እስኪበቃው ሳለ። ሐዘንተኛ የሚለውን ማን ይመዝናል? ሁሉም ከእሱ ጋር አለቀሰ። ሰርክአዲስም እንባዋን ጠርጋ ኤርጎጌን ወደ ጋራዡ አስከተለቻት።

ጋራዡ እንደ ነበረ ነው። መሣሪያው በራሱ ባትሪ ይሠራል፤ የኮምፒውተሩ ስክሪን ሰማያዊ ብርሃን ግድግዳው ላይ ተረጭቷል። ሰርክአዲስ መብራቱን አጠፋችና በሩን ዘጋች። ጡቦቹ፣ ሁለቱ ወንበሮች፣ የኤርጎጌ ሆድ፣ ሁሉም ይታያል።

«ያን ጊዜም ስክሪኑ እንዲህ በርቶ ነበር?»

«እሱ አይጠፋም። ኤፍራታ ተማሪው ከቤቷ ሆና ትከታተለዋለች።»

«እንግዲያው ጨለማ አልነበረም» አለች ሰርክአዲስ፤ መብራቱን መልሳ አበራች። «ማን አገኘው?»

«እኔ ነኝ፤ ከሥራ ስገባ። አፉና አፍንጫው ላይ ማስክ ነበረበት። ይተንፍስ ብዬ መጀመሪያ እሱን ነው ያወለቅኩት።»

ሰርክአዲስ ፊቷን አዞረች። «ምሕረቱ ብቻውን ሲሠራ ማስክ ያደርግ ነበር?»

«ምሕረቱ? ጠላቱ ነው እኮ። መነጽሬን ያደምነዋል እያለ ሲራገም ነው የሚውለው።»

«ካንቺ ጋር ሲሆንስ?»

«ባንድ አልጋ ለሚተኛ ሰው ምን ማስክ ያስፈልገዋል?»

«ለዚህ ነው የጠየቅኩሽ» አለች ሰርክአዲስ። «እንግዳ ነበረው። ከዚህ ቤት ያልሆነ፣ እንዳላሲዘው ብሎ የሚሳሳለት እንግዳ። አንቺ የት ነበርሽ?»

ኤርጎጌ ፋርማሲስት ናት። ጠዋት ዱካሞን ሆስፒታል ወስዳው ነበር፤ እሱ እንግሊዝኛው ከሱቅ ስለማያልፍ የሐኪሙን ነገር የምትተረጉምለት እሷ ናት። ሳሉ ስለ ጠናበት ደረቱን ራጅ ተነሳ፤ ከዚያ እሱ ወደ ኦሬንጅ ፋርም፣ እሷ ወደ ሥራዋ ሄዱ። ይህን ሁሉ ስትናገር ዓይኗ ከሰርክአዲስ ጫማ አልተነሳም። ሰርክአዲስም ከሐዘን ቆጠረችላት፤ በኋላ በራሷ የተናደደችው ለዚህ ነው።

ኤፍራታ በማግስቱ ጋራዡ ድረስ መጣች። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ዓይኖቿ በልቅሶ ያበጡ ልጅ ናት። የዶክትሬት ጥናቷን የምትሠራው በምሕረቱ ሥር ነበር።

«ምን ነበር የምትፈልጉት?» አለቻት ሰርክአዲስ። «ለማይገባት ሰው ንገሪኝ።»

«ኦኬ። ጋላክሲያችን መሃል ላይ ፖዚትሮን የሚባሉ ቅንጣቶች አሉ፤ የኤሌክትሮን ተቃራኒዎች። ሁለቱ ሲገናኙ ሁለቱም ይጠፋሉ፤ በምትካቸው ጋማ ጨረር ይወጣል። የጨረሩ ጉልበት ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፤ አምስት መቶ አሥራ አንድ መስመር እንለዋለን። እኔ ከመወለዴ ከብዙ ዓመት በፊት ጀምሮ ይታያል። ፖዚትሮኖቹ ከየት እንደሚመጡ ግን እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም። ሲሪየስሊ፣ ማንም! ዶክተር ዕድሜውን የጨረሰው በዚህ ነው።»

«በዚህ ጋራዥ ውስጥ ሆኖ ጋላክሲውን ያያል?»

«ኖ፣ ኖ። ከመሬት አይታይም፤ አየሩ ይውጠዋል። በባሉን፣ በትልቅ ፊኛ፣ ወደ ላይ ልናወጣው ነበር። ኮቪድ አንዴ አሰረዘብን፤ እሺ አልን። ደግሞ አሰረዘብን። ዩኒቨርሲቲው ሲዘጋ አስፈቅዶ ወደዚህ አመጣው። እዚህ ሥራው የባዶውን ቤት ጨረር መቁጠር ብቻ ነበር። ከሥር ያለውን ካላወቅን ሰማዩ የጨመረውን አንለይም።» ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳረፈች። «አሁን ይህን ይዩ። የሞተ ዕለት ነው።»

ቀኑን ሙሉ ጠፍጣፋ የነበረው መስመር ከሰዓት በኋላ በድንገት እንደ ደረጃ ወደ ላይ ዘሏል። ረዘም ላለ ጊዜ ከፍ እንዳለ ቆይቶ እንደ ዘለለው ሁሉ በድንገት ወርዷል።

«መቁጠሪያው ከቁጥሩ ብዛት ሊታነቅ ምንም አልቀረውም ነበር። ቁጥሩ ሳይወርድ ብዙ ከቆየ ማሽኑ ይጮኻል። እዚህ ከፍታው ላይ እያለ ደወለልኝ። ‹ኤፍራታ፣ መስመሩ አሻቀበ፤ ማሽኑ ግን አልተበላሸም። ቆይ፣ መልሼ እደውላለሁ› አለኝ። ድምፁ... ሊያለቅስ የደረሰ ሰው ድምፅ ነበር። ሥራችን ተበላሸ ብሎ መሰለኝ። እኔም ተናደድኩ። አልደወለም።»

«ምን ይመስልሻል?»

ኤፍራታ ማስኳን ወደ አፍንጫዋ ሳበች። «የዲፓርትመንታችን መምህር ዶክተር ታፈሰ ነው። ቤተ ሙከራ ውስጥ ሶዲየም የሚባል የጨረር ምንጭ አለ፤ እሱም ይኸን መስመር ይሰጣል። ቁልፉ ያለው እሱ ጋ ነው። ፕሮጀክታችን ይዘጋ ብሎ ድምፅ የሰጠውም እሱ ነው። ኪሱ ከቶ መጥቶ ቁጥራችንን ሊያበላሽ ሲል ዶክተር ያዘው፤ ተጣሉ። ጀስት... ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?»

ሰርክአዲስ ሌላ ምን እንደሚሆን አላወቀችም። አለማወቋም አንገበገባት።

ዶክተር ታፈሰ ከግቢው አላስገባትም። በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ከሁለት ሜትር ርቆ፣ ሁለት ማስክ ደርቦ አነጋገራት።

«እኔ ነፍሰ ገዳይ ነኝ? ልጅቷ ናት ያለችው? ይዘጋ ማለቴ እውነት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ የማይበር ባሉን ስንጠብቅ ሌላው ሥራ ሁሉ ሞተ። ለራሱም ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ።»

«ተጣላችሁ?»

«ተኮራረፍን። ግን እሱ ሌላ፣ ይሄ ሌላ። ኢንስፔክተር፣ እኔ የዚያ ቤት ሰው ነኝ። የእናቱን መርዶ እንኳ አብረን ይዘን ነው የከረምነው።»

«የምን መርዶ?»

ታፈሰ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ግቢው ውስጥ ከውሻው በቀር የሚሰማው አልነበረም። «እናታቸው ከፋሲካ በፊት ሆሳዕና አርፈዋል። ዱካሞ አልተነገረውም። ምሕረቱ፣ ‹መርዶ በስልክ አይነገርም፤ የኮቪዱ እገዳ ይነሳና ሽማግሌ ሰብስበን በወጉ እንነግረዋለን› አለ። እገዳው ላላ ሲባል ጠበቀ፤ አሁን ደግሞ ይኸው ጭራሽ ባሰ። ሰውየው እስከ ዛሬ እናቱን በሕይወት ያለች ይመስለዋል። አደራ፣ ከእርስዎ እንዳይሰማ።»

ሰርክአዲስ መኪናዋ ውስጥ ገብታ ሞተሩን ሳታስነሳ ተቀመጠች። እማዬ፣ ተቀበይው። ሰው ሲደነግጥ እናቱን ይጠራል፤ እሱ ልማድ ነው። «ተቀበይው» የሚባለው ግን ቀድሞ ለሄደ ነው። በሕይወት ያለችን እናት፣ ሆሳዕና ቤቷ ተቀምጣ ያለችን እናት፣ ሙት ልጅሽን ተቀበይ የሚላት የለም። እሷ ራሷ አጠገቡ ቆማ ሰምታዋለች፤ ሰምታም እንባዋን ጠርጋለች። መሪውን በመዳፏ መታችው።

ኦሬንጅ ፋርም ስትደርስ ዱካሞ ከፍርግርጉ ጀርባ ነበር። አንዲት አሮጊት ዳቦ ገዝተው «እግዚአብሔር ያጽናናህ ልጄ» የሚል የሚመስል ነገር በዙሉ አሉት፤ «ንጊያቦንጋ፣ ጎጎ» ብሎ አመሰገናቸው። በለቅሶ መሃል ሱቅ መክፈቱን ያየችበት መስሎት አፈረ።

«ቤት ስቀመጥ ያፍነኛል እህቴ። እዚህ ቢያንስ ሰው ይጠራኛል።»

«ያን ዕለት ከሆስፒታል ሲወጡ የት ሄዱ፣ ጋሽ ዱካሞ?»

«በቀጥታ ወደዚህ።»

«ኤርጎጌ አመጣችዎት?»

«ኤይሽ! እሷ?» ፊቱ ባይታይም ቅሬታው ታየ። «ጠዋት በመኪናዋ ወሰደችኝ። ከዚያ አንድ መርፌ ወጉኝና ‹ሳትንቀሳቀስ ተኛ› አሉኝ፤ ብቻዬን ክፍል ዘግተውብኝ ብዙ ቆየሁ። ትልቅ ቀለበት በመሰለ ማሽን አሳለፉኝ። ስወጣ ኤርጎጌ መኪናዋ አጠገብ እንኳ አላስጠጋችኝም። ከሩቅ ቆማ ‹ኮንትራት መኪና ጠርቼልሃለሁ› ብላኝ ሄደች። ኮቪድ የያዘኝ ይመስል! አሥር ጊዜ ተመርምሬ የለብህም ተብያለሁ። በልጅነቱ ጀርባዬ ላይ አዝዬ ያሳደግኩት ልጅ ሚስት ናት እንዲህ የምታደርገኝ።»

«መርፌው ለምን እንደሆነ ነገረችዎት?»

«ለራጁ ነው አለች። ሳንባህን ብርድ መትቶታል፣ ይለቅሃል አለኝ ሐኪሙ። እሷ ናት የተረጎመችልኝ።»

ሰርክአዲስ በሥራዋ የስንቱን ሰው የሆስፒታል ማስረጃ አገላብጣለች፤ ራጅ ለመነሳት መርፌ ተወግቶ ብቻውን የተዘጋበት ሰው አታውቅም። ያ ምርመራ ሌላ ነው። ሐኪም ሳንባን ብርድ መታው ሲል የሚያዝዘው ምርመራም አይደለም። ከፍርግርጉ ጀርባ የቆመውን ሰው አየችው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላሉ የኛ ሰዎች። ይህ ምስኪን ግን በሽታውን አልደበቀም፤ የተደበቀበት እሱ ነው።

ከመኪናዋ ሆና ለኤፍራታ ደወለች።

«ያ ሶዲየም ያልሽው፣ ከዚህ መስመር ሌላ ምልክት አለው?»

«አለው፤ ከፍ ያለ ጉልበት ላይ ሁለተኛ መስመር ይሰጣል።»

«የዚያ ዕለት አለ?»

የኮምፒውተር ቁልፍ መምታት ድምፅ ተሰማ። «የለም... የለም ኢንስፔክተር። እንዴት አላየሁትም? ተናድጄ ስለነበር...»

«ሌላም ልጠይቅሽ። ከፍታው ላይ እያለ ጫፉ ቀጥ ያለ ነው ወይስ ያዘነበለ?»

«ያዘነበለ ነው፤ እየቀነሰ ይሄዳል። በዚህ አካሄድ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ግማሹ ይጠፋ ነበር። ሶዲየም እንዲህ አይደለም፤ ለግማሹ ዓመታት ይፈጅበታል። ኦ ማይ ጋድ። ይሄ እኮ ፍሎሪን ነው፤ የሆስፒታል...»

«ለማንም እንዳትተነፍሺ» አለቻት።

አመሻሽ ላይ ኤርጎጌን ለብቻዋ አገኘቻት። «ዱካሞ ያን ቀን ምን ምርመራ ነው ያደረገው?» አለቻት በግልጽ።

«ነገርኩሽ እኮ እትዬ። ራጅ ነው።»

«ኤርጎጌ፣ የባልሽን ገዳይ ፈልጊልኝ ያልሽኝ አንቺ ነሽ።»

«የሱ ሳል ከምሕረቱ ሞት ጋር ምን አገናኘው?» አለች ኤርጎጌ ሆዷን ታቅፋ። «የቤተሰብ ነገር አለ። እባክሽ እሱን ተይው።»

ሰርክአዲስ ልትጮህባት ፈለገች። እውነቱን እየለመነች በሩ ላይ ቆማ የምትዘጋው ራሷ ናት! ግን ይህ የአንዲት ሴት ጥፋት ብቻ አልነበረም። ታፈሰ አንዱን ይዟል፣ ሟቹ ይዞ ነበር፣ ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ ይዟል። ሁሉም ስለ ፍቅር ብሎ ይደብቃል፤ በዚህ ሁሉ ፍቅር መሃል አንድ ሰው ሞቷል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አራቱን ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። በሩ ለአየር ተከፍቷል፤ የክረምቱ ብርድ ይገባል። ኤርጎጌ በሩ አጠገብ፣ ኤፍራታ ስክሪኑ ፊት፣ ታፈሰ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ዱካሞ መሃል ወንበር ላይ።

«ምሕረቱ በጨለማ አልተደናቀፈም» አለች ሰርክአዲስ። «ይህ ስክሪን እንደበራ ነበር። ብቻውንም አልነበረም፤ ብቻውን ቢሆን ማስክ አያደርግም። ሚስቱም ጋር አያደርግም። እንግዳ መጥቶበታል፤ የሚወደው እንግዳ።»

«እኔን ነው?» አለ ታፈሰ።

«ኤፍራታ እርስዎን ጠርጥራ ነበር። መሣሪያው ያን ዕለት ከባድ ጨረር ቆጥሯል። ከሰማይ እንዳይባል፣ ጨረሩ መሬት አይደርስም። ከማሽኑ እንዳይባል፣ ምሕረቱ ራሱ ማሽኑ ደህና ነው ብሏል። በድንገት መጣ፣ በድንገት ሄደ፤ እንግዲህ ከእንግዳው ጋር ገብቶ ከእንግዳው ጋር ወጥቷል ማለት ነው። ከቤተ ሙከራ የመጣ ሶዲየም ቢሆን ሁለተኛ መስመር በኖረው ነበር፤ የለውም። ዶክተር ታፈሰ፣ እርስዎ ነፃ ነዎት።»

ታፈሰ ኤፍራታን አያት፤ እሷ አንገቷን ደፋች።

«ጨረሩ እየደከመ ይሄድ ነበር፤ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ግማሽ የሚሆን። እንዲህ ያለው ነገር ያለው ሆስፒታል ነው። ለአንድ ዓይነት ምርመራ በመርፌ ሰው ደም ውስጥ ይገባል፤ ሰውነት ውስጥ ሆኖ፣ እዚያ ጋላክሲ መሃል እንደሚሆነው፣ ፖዚትሮንና ኤሌክትሮን ይጠፋፉና ያው ጨረር ይወጣል። የተወጋውን ሰው አይጎዳውም። ግን ያን ቀን ከሕፃንና ከነፍሰ ጡር ራቅ በል ይባላል።»

ኤርጎጌ እጇን ወደ አፏ ወሰደች። አሁን ገባት።

«አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ጠዋት በመኪናዋ የወሰደችውን ሰው ከሰዓት አላስጠጋም አለች። ጠልታው ሳይሆን የሆዷን ልጅ ጠብቃ ነው። ጋሽ ዱካሞ፣ ኮንትራቱ መኪና ወደ ኦሬንጅ ፋርም አልወሰደዎትም።»

ዱካሞ አልተንቀሳቀሰም። «በሕመም ነው የምትከሺኝ?»

«አይደለም። በለቅሶዎ ነው። ‹እማዬ፣ ተቀበይው› ብለዋል። እናትዎ ማረፋቸውን ማንም አልነገረዎትም ነበር።»

ታፈሰ «ውይ!» አለ።

ዱካሞ ማስኩን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ፊቱን አየችው፤ ከስቷል።

«ሆስፒታሉ በር ላይ መኪናውን ስጠብቅ አንድ ያገሬ ልጅ አገኘኝ። ‹ያጽናህ፤ የእማማን መርዶ ዘግይቼ ሰማሁ› አለኝ። የሰማሁ መስሎት ነው። በየሳምንቱ፣ እህቴ፣ በየሳምንቱ ነበር ለምሕረቱ የምደውልለት። ‹ለእማዬ ሰላም በልልኝ› እለዋለሁ። ‹እሺ› ይለኛል። ለሞተች ሴት ሰላም ያስተላልፍልኛል!»

ሳለ፤ ጠበቁት።

«ሾፌሩን ወደዚህ በል አልኩት። መጥቼ እዚህ ተቀመጥኩ፤ ብዙ ጊዜ አፌ አልፈታ አለ። እሱ ማስኩን አድርጎ ‹ዛሬ ምን ሆነሃል› ይለኛል። በመጨረሻ ‹እማዬ ሞታለች ወይ?› አልኩት። ዝም አለ። ይህ ማሽን ጮኸ። ዞሮ አየው! እናቴን እየጠየቅኩት ማሽን ያያል! ከዚያ እኔን አየኝ። ደግሞ ማሽኑን። ስልክ አንስቶ ከሰው ጋር አወራ። ከዚያ እያለቀሰ መጣብኝ፤ እጁን ዘርግቶ ሊያቅፈኝ። አሁን ነው የምታለቅሰው አልኩት። ይህን ሁሉ ወር ደብቀኸኝ አሁን? አትንካኝ ብዬ ገፋሁት። አንዴ ነው የገፋሁት። እንዲሞት አልፈለግኩም። ጠርቼው ነበር፤ አልመለሰልኝም። ፈርቼ ወጣሁ።»

ኤርጎጌ እያለቀሰች ነበር፤ ለየትኛው እንደሆነ እሷም አታውቅም። ሰርክአዲስ ያለወትሮዋ እዚህ ላይ ነገሩ ቢያበቃ ተመኘች። አላበቃም።

«ቆይ» አለ ዱካሞ። «ሰውነትህ ውስጥ ነበር ያልሽው ነገር። ለምንድነው የወጉኝ?»

ኤፍራታ ስክሪኑን አየች። ታፈሰ ጉሮሮውን ጠረገና «እሱማ ለምርመራ ያህል ብቻ ነው፤ ያው ሳሉን...» ብሎ ጀመረ።

«ተው!» አለች ኤርጎጌ። ከተቀመጠችበት ተነሳች፤ ጡቦቹን ዞራ አማቿ ፊት ቆመች። ባሏን የገደለባት ሰው ነው፤ ያሳደገላትም እሱ ነው። ለረጅም ጊዜ አየችው። «ካንሰር ነው ጋሼ። ሳንባህ ላይ ነው፤ ተሰራጭቷል። ሐኪሙ ነግሮህ ነበር። ብርድ ነው ብዬ የተረጎምኩልህ እኔ ነኝ። አንዱ መርዶ ሳይነገርህ ሌላ እንዴት ልጨምርብህ? ለማንም አልተናገርኩም። ለምሕረቱም።»

ዱካሞ ወደ መሣሪያው ተመለከተ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ሰርክአዲስ ዞረ።

«እሱም አያውቅም ነበር?»

«አያውቅም ነበር» አለች ሰርክአዲስ። «ማሽኑ ሲጮኽ ነው ያወቀው። የዚያን ጨረር ትርጉም፣ ካንሰር ለተጠረጠረ ሰው የሚወጋ መሆኑን፣ በዚህ ከተማ እንደ እሱ የሚያውቅ የለም።»

«ስለ እማዬ መስሎኝ ነበር» አለ ዱካሞ። «ሲደብቀኝ ስለያዝኩት፣ አፍሮ መስሎኝ ነበር የሚያለቅሰው።» እጁን፣ የገፋበትን እጅ፣ ከጭኑ ላይ አንስቶ አየው። «ለእኔ ነው? ለእኔ ነው ያለቀሰው?»

ታፈሰ ዓይኑን ወደ በሩ መለሰ። ሰርክአዲስ ዕድሜዋን ሙሉ ሰዎች እውነት እንዲነግሯት ስትለምን፣ ስታስፈራራ፣ ስትጨቃጨቅ ኖራለች። ይህችን አንዲት ቃል ግን ሌላ ሰው ቢናገርላት በወደደች ነበር።

«ለእርስዎ ነው» አለችው።